ድንች አይፈጭም፤ ይደፈጠጣል

በጁባ ኢትዮጵያውያን በሚያንቀሳቅሷቸው ምግብ ቤቶች ጥብስ ወይም ኮተሌት ያዘዘ ሰው ከሥጋው ጎን አንዲት ነጭ ጉብታ ተቀምጣ ሊያገኝ ይችላል። በአይስክሬም ማንኪያ ተጨልፋ ክብ ሆናለች፤ አናቷ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ተሰክቶባታል። ጨው የላትም፤ ካላትም ዘግይቶ ከላይ የተነሰነሰ ነው። ሹካ ሲነካት ወይ እንደ ሙጫ ትሳባለች፣ ወይ ውሃ ትለቃለች። ሥጋው ተበልቶ ያልቃል፤ እንጀራው ወይም ዳቦው ይጠረጋል፤ ጉብታዋ ግን ግማሽ ጎኗ እንኳ ሳይነካ ወደ ማድ ቤት ትመለሳለች። የክትፎውን ቅቤ፣ የሽሮውን አበሳሰልና የቡናውን አፈላል አጥብቆ የሚመረምረው ኢትዮጵያዊ ተመጋቢ በዚህች ነጭ ጉብታ ላይ አንዲት ቃል አይናገርም። ሰው የሚተቸው የእኔ ነው የሚለውን ምግብ ነውና፣ ይህ ዝምታ ከትችት ሁሉ የከፋ ነው።

በምግብ ዝርዝሮች ላይ የጉብታዋ ስም ሦስት ነው። አንዱ «ማሽድ ፖቴቶ» ይላታል፤ ሌላው «የድንች ፑሬ»፤ ሦስተኛው ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሮ «የተፈጨ ድንች» ይላታል። የመጀመሪያው ከእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው ከፈረንሳይኛ እንዳለ የተወሰደ ነው። በሁለቱ ላይ ብዙ ቅሬታ ማንሳት አያስፈልግም፤ ሳላድም፣ ፓስታም፣ ኮተሌትም በዚሁ መንገድ ገብተው ቤተኛ ሆነዋል። ችግሩ ያለው አማርኛ ለመሆን በሞከረው ስም ላይ ነው። በአማርኛ የሚፈጨው ጤፍ ነው፤ በርበሬ ነው፤ ሽሮ ነው። መፍጨት ወፍጮ ይሻል፤ ደረቁን አድቅቆ ዱቄት ያደርጋል። የተቀቀለ ድንች ግን አይፈጭም። ይደፈጠጣል፤ ይታሻል።

ጉዳዩ የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን በተተወ ነበር። ነገር ግን ስም እጅን ያዛል። «የተፈጨ» የሚለውን ያነበበ ምግብ አብሳይ እጁን ወደ መፍጫ ይሰዳል፤ በዛሬው ማድ ቤት ደግሞ መፍጫ ማለት ብሌንደር ነው። ድንች በጥቃቅን ሕዋሳቱ ውስጥ ስታርች አምቆ ይዟል፤ ሲቀቀል ስታርቹ ውሃ መጥጦ ያብጣል። ሕዋሳቱ በእጅ ኃይል በቀስታ ሲለያዩ ድንቹ ለስላሳና የላላ ይሆናል። በፈጣን ስለት ሲከታተፉ ግን ግድግዳቸው ይፈርስና በውስጣቸው ያበጠው ስታርች ይፈስሳል፤ ውጤቱም ልክ እንደ ወረቀት ማጣበቂያ የሚጓተት ሊጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቅቤም ወተትም አያድነውም። እንግዲህ የተሳሳተው ትርጉም ከምግብ ዝርዝሩ ወርዶ ድስት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ምግብ ለምን ይህን ያህል ቁም ነገር ይሆናል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ድንች ወደ ኢትዮጵያ የመጣበትን መንገድ ማስታወስ ይበቃል። ድንችን ወደ አገሪቱ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይጠቀሳል። ሕዝቡ ግን ወዲያው አልተቀበለውም። ተክሉ በሰፊው የተሰራጨው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ከብቱ አልቆ ሰው በረሀብ በረገፈበት በክፉ ቀን ሳቢያ ነው። እህል ባልደረሰበት ጊዜ መሬት ውስጥ ሆኖ የጠበቀ ምግብ ነበርና። ስሙንም ቢሆን ከአገር በቀል ተክል ጋር ይጋራል፤ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ሌላ ሥራ ሥር እስከ ዛሬ «የወላይታ ድንች» ወይም «የኦሮሞ ድንች» ይባላል። ዛሬ ከሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ (እ.ኤ.አ. 2002)፣ ጉደኔ (2006) እና በለጤ (2009) የተባሉት ዝርያዎች የአማርኛና የኦሮምኛ ስም ተሸክመው በገበሬው ማሳ ላይ ይበቅላሉ። ማሳው ድንቹን አገርኛ ካደረገው ቆይቷል። ወደ ኋላ የቀረው የሆቴሉ ማድ ቤት ነው።

በጁባ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ቆላ ናት፤ ድንች ደግሞ የደጋ ተክል ነው። ስለዚህ በኮኞ ኮኞ ገበያ ተከምሮ የሚታየው ድንች አብዛኛው ከኡጋንዳ ደጋማ ቦታዎች ተጭኖ፣ ድንበሩን በኒሙሌ አቋርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠናቆ በተከፈተው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ተጉዞ የመጣ ነው። ስሟ ከተፈናቃዮች መጠለያ ጋር ተያይዞ በሚነሳው በማንጋቴን አንድ ኪሎ ድንችና እርሱን የሚያበስለው ከሰል ተቆጥሮ የሚወጣ ገንዘብ ነው። በዚህ ሰፈር አጠገብ የተበላሸ ድንች አቅርቦ ወደ ቆሻሻ መመለስ የጣዕም ጉድለት ብቻ ሊባል አይችልም።

ሒሱ ፍትሐዊ እንዲሆን ከቀላሉ ይጀመር። ምንም ቅመም ያልገባበት ነጭ ድንች በራሱ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈው ፈረንሳዊው ምግብ አብሳይ ዦኤል ሮቡሾን ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሳው በድንች ፑሬው ነው። የአሠራሩ መሠረት ለ1 ኪሎ ድንች 250 ግራም ቅቤና ትኩስ ወተት ነበር፤ ከዚህ ሌላ ጨው። ምሥጢሩ በቅመም ብዛት ላይ አልነበረም። ድንቹ ከነልጣጩ ጨው ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ ይጣዳል፤ ሲበስል ተልጦ በትኩሱ በእጅ መደፍጠጫ ያልፋል፤ ተመልሶ በለዘብተኛ እሳት ላይ እየተማሰለ ውሃው ይተናል፤ ቅቤው ቀድሞ፣ ወተቱ ተከትሎ ይገባል።

እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። ልጣጩ ውሃ እንዳይሰርግ ይከላከላል። ጨው ከመጀመሪያው ካልገባ ወደ ድንቹ ልብ አይደርስም፤ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት ለዚህች ጉብታ የተነገረ ይመስላል። ቅቤው መቅደሙ ስታርቹን ለብጦ ከሙጫነት ይጠብቀዋል። ውሃው ያልተነነለት ድንች ግን የፈለገው ወተት ቢጨመርለት መቅጠን እንጂ መጣፈጥ አይሆንለትም።

የድንቹ ዓይነትም መታየት አለበት። ሲበስል የሚፈረፈር ዱቄታም ድንች ለመደፍጠጥ ይመቻል፤ ሲበስል ቅርጹን የሚይዝ ውሃማ ድንች ለሳላድና ለወጥ ይሻላል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድንች በገበያ የገዛ ሰው 1 እጅ ጨው በ11 እጅ ውሃ ቢበጠብጥና ድንቹን ቢጥልበት፣ ዱቄታሙ ይሰምጣል፤ ውሃማው ይንሳፈፋል። የጁባ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን ክፍል ደግሞ ቆርጦ መጣል ይገባል፤ መምረሩ የጤና ጠንቅ ምልክት ነውና። ይህ ሁሉ ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ ማማሰያ፣ ወንፊትና ትዕግሥት ይበቃሉ። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ትዕግሥቱ ነው። ጧት ተሠርቶ ማታ የሚቀርብ ድንች ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ ወተት የገባበት ከሆነ ደግሞ በጁባ ሙቀት ይበላሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህ የመሠረቱ ነገር ነው። በመሠረቱ ላይ ስለሚገነባው ፈጠራ ሲነሳ ግን መጠየቅ ያለበት «ምን ይጨመርበት?» ሳይሆን «ምን ይጎድለዋል?» የሚለው ነው። የተደፈጠጠ ድንች ለስላሳ፣ ለዘብተኛና ጨዋ ነው፤ የሚጎድሉት ቅባት፣ ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥልና ጥርስ የሚያገኘው ነገር ናቸው። እነዚህን አራቱን ለማግኘት የኢትዮጵያ ማድ ቤት ወደ ውጭ መሄድ አያስፈልገውም። ቅባቱን ከንጥር ቅቤና ከዘይት፣ ኮምጣጣውን ከሎሚና ከአይብ፣ የሚያቃጥለውን ከሚጥሚጣ፣ ከአዋዜና ከሰናፍጭ፣ ጥርስ የሚያገኘውን ከቃሪያና ከቀይ ሽንኩርት ያገኛል።

የመጀመሪያው ምሳሌ ገንፎ ነው። ገንፎ ክምር ሆኖ ይቀርባል፤ መሐሉ ይጎደጎዳል፤ በጉድጓዱ ውስጥ በርበሬ የተበጠበጠበት ንጥር ቅቤ ይሞላል፤ በላተኛው ከዳር እየቆረሰ ወደ መሐል እያጠቀሰ ይበላል። አየርላንዳውያን «ቻምፕ» የሚሉት ባህላዊ ምግባቸውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠል በወተት አብስለው ከተደፈጠጠ ድንች ጋር ያሹታል፤ ክምሩን መሐሉን ጎድጉደው ቅቤ ያቀልጡበታል፤ ከዳር እየጠቀሱ ይበሉታል። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ለለዘብተኛ ክምር ያገኙት መልስ አንድ ሆነ፤ ቅባቱን ውስጡ መደበቅ ሳይሆን መሐሉ ላይ አኑሮ እያንዳንዱ ጉርሻ መጠኑን እንዲመርጥ ማድረግ። ታዲያ ገንፎን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አብሳይ ለምን የአይስክሬም ማንኪያ ያነሳል? ጎድጓዳ ሳህን፣ የተጎደጎደ መሐል፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ፣ ጥቂት በርበሬ፤ ይህ ከማንም ሳይበደር የሚገኝ አቀራረብ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ክትፎ ነው። በወለጋ አንጮቴ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተደፍጥጦ በቅመም ቅቤ እየታሸ ለመስቀል በዓል ይቀርባል፤ የሥራ ሥርን ለዘብተኛ ሥጋ በቅቤ አክብሮ ማቅረብ ለዚህ ማድ ቤት እንግዳ ነገር አለመሆኑን ያሳያል። በዚሁ መንገድ የተደፈጠጠ ድንች በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ፣ ከጎኑ አይብና በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ተደርጎለት፣ በጣባ ቢቀርብ የሥጋ አጃቢ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ምግብ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሚጥሚጣው የሚጨመረው ቅቤው ላይ እንጂ ድንቹ ላይ በደረቁ አይደለም፤ ደረቅ ቅመም ድንቹ ውስጥ ተቋጥሮ ይቀርና አንዱን ጉርሻ አቃጥሎ ሌላውን ባዶ ይተወዋል።

ከሁሉ የሚከብደውና የአብሳዩን ችሎታ የሚፈትነው የጾሙ ሰሌዳ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ይጾማሉ፤ በእነዚህ ቀናት ቅቤም ወተትም የለም። ምግብ ቤቶቹ በጾም ወቅት ጉብታዋን በውሃ አላልተው ሲያቀርቡ ጣዕሟን ከቅቤው ጋር አብረው አስጾሟት ማለት ነው። ነገር ግን የጾም ማድ ቤት የምንም ማጣት ማድ ቤት ሆኖ አያውቅም። ሱፍ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት የሚመስል ፈሳሽ ይወጣዋል፤ የሱፍ ፍትፍት የሚሠራው በዚሁ ነው። ይኸው የሱፍ ውሃ ለብ ብሎ በተደፈጠጠው ድንች ውስጥ ቢገባ የወተቱን ቦታ ይሸፍናል፤ የራሱንም የታመሰ ጣዕም ይጨምራል።

ሰናፍጭም አለ። ምስር በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በቃሪያና በሽንኩርት ታሽቶ ቀዝቅዞ ሲቀርብ አዚፋ ይባላል። ምስሩ በድንች ቢተካ ወይም ከድንች ጋር ቢጋራ ምን ይከለክላል? ሕንዶችና ባንግላዴሾች ድንች ደፍጥጠው በጥሬ የሰናፍጭ ዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ አሽተው «ባርታ» ብለው ከሩዝ ጋር ይበሉታል። ድንች በበቀለባት በፔሩም «ካውሳ» የሚባለው ምግብ ድንች በሎሚና በቢጫ ቃሪያ ታሽቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብበት ነው። ለጁባ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ነገር አይታሰብም። ትኩስ ሲሆን ጉድለት የነበረው የስታርች መጠጠር እዚህ ቅርጽ ሆኖ ያገለግላል፤ ወተትና ቅቤ ስለሌለበትም በሙቀቱ ቶሎ የመበላሸት ሥጋቱ ያነሰ ነው፤ ያም ሆኖ ተሠርቶ ብዙ ሳይቆይ መቅረብ አለበት። ተመጋቢውም ከቀትሩ ፀሐይ ገብቶ ሲቀመጥ እንፋሎት ሳይሆን የሎሚ ሽታ ይቀበለዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጎረቤት ነው። የጁባ ሰው ማዕድ አሲዳ ነው፤ የጠነከረ ገንፎ በአንድ ሳህን መሐል ተደርጎ፣ ሙላህ የሚባለው ወጥ ፈስሶበት፣ በዙሪያው በተቀመጡት ሰዎች እጅ ይበላል። የደቡብ ሱዳን እናቶች ቅጠላ ቅጠሉንና ወጡን በለውዝ ቅቤ ያወፍራሉ። ኬንያውያን ኪኩዩዎች ድንችን ከአተር፣ ከበቆሎና ከዱባ ቅጠል ጋር ደፍጥጠው «ሙኪሞ» ይሉታል። እንግዲህ በጁባ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አብሳይ የለውዝ ቅቤውን በትኩስ ውሃ አላልቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት አዋዜ ጨምሮ፣ እንደ ሙላህ በተደፈጠጠ ድንች መሐል ቢያፈስስ ማንንም አላስመሰለም። ያለበትን ከተማ አዳመጠ እንጂ። ምግቡም የጾም ይሆናል፤ ከማንጋቴን ጎረቤቱ ጋር እጁን በአንድ ሳህን ለመስደድም ትርጁማን አያስፈልገውም።

ፈጠራ በሚል ስም የሚደረገውን ሁሉ ማወደስ ግን ሒስ አይሆንም። ድንቹን በቀይ ሥር አቅልሞ ሮዝ ማድረግ፣ በእርድ አቢጥቶ ሦስት ቀለም መደርደር፣ የታሸገ አይብ፣ ማዮኔዝና ኬቻፕ በአንድ ላይ መከመር ለፎቶግራፍ ይመች ይሆናል፤ ድንቹ ይጎድለው ለነበረው ነገር ግን አንድም መልስ አይሰጥም። አንድ ሳህን አንድ ሐሳብ ይበቃዋል። ቅቤና በርበሬ ከሆነ ቅቤና በርበሬ ይሁን፤ ሰናፍጭና ሎሚ ከሆነ ሰናፍጭና ሎሚ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ሳህን የሚያጋጥም አብሳይ ሁለቱንም አላመነባቸውም።

ከባለ ምግብ ቤቶች በኩል ሊነሳ የሚችለው ተቃውሞም ሚዛን አለው። ጉብታዋን የሚያዝዘው የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የለመደውን ይፈልጋል፤ ኮረሪማ ቢሸተው ሳህኑን ይገፋል ይሉ ይሆናል። ይህ እውነትነት ያለው ነገር ነው። መልሱ ግን ለእርሱም ቢሆን ነጩን በአግባቡ ሠርቶ ማቅረብ ነው፤ የለመደው ሙጫ አይደለምና። ለኢትዮጵያዊው ተመጋቢ ግን በዚያው ዝርዝር ሁለተኛ መስመር ቢከፈትለት ምንም ወጪ አይጨምርም፤ ቅቤው፣ ሚጥሚጣውና ሰናፍጩ ማድ ቤቱ ውስጥ ቀድሞም አሉ።

የዚያ መስመር ስም ማን ይባል? አማርኛ ምግብን የሚሰይመው እጅ በሠራው ሥራ ነው። ክትፎ ከመክተፍ፣ ፍትፍት ከመፈትፈት፣ ጥብስ ከመጥበስ፣ ቅቅል ከመቀቀል፣ ቆሎ ከመቁላት ወጥተዋል። በዚሁ ሕግ ከመደፍጠጥ «ድፍጥጥ» ይወጣል። «ድፍጥጥ» ለጆሮ ሻካራ ነው፤ መረገጥንና መበደልን ያስታውሳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መክተፍም ለጆሮ ከዚህ ለስላሳ አልነበረም፤ ክትፎን ያስከበረው ቃሉ ሳይሆን ቅቤው ነው። «ድንች ድፍጥጥ በቅቤና በሚጥሚጣ»፤ «የጾም ድንች ድፍጥጥ በሰናፍጭና በሎሚ»። እንዲህ ያለ መስመር ያነበበ አብሳይ እጁ ወደ ብሌንደር አይሄድም፤ ወደ ማማሰያ ይሄዳል። ያነበበ ተመጋቢ ደግሞ ጨው ጎደለው፣ ቅቤው አልተነጠረም፣ ሰናፍጩ በዛ ብሎ አብሳዩን ያስጠራል። ጉብታዋ ያን ቀን ወቀሳ ከሰማች፣ ቤተኛ ሆናለች ማለት ነው።